የወሽመጡ አፍ፦ በትንሽ ጀልባ የአሸዋውን ደፍ መሻገር

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች፣ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ከመሐል ባሕሩ ይልቅ የሚፈራው መግቢያውን ነው። መሐል ባሕር ላይ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያለጉዳት የሚያልፈው ሞገድ ወሽመጡ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይሰበራል። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2003 ጠዋት ታኪቱ የተባለች፣ ርዝመቷ 10 ሜትር ግድም የሆነ የኪራይ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ 19 ሰዎች ይዛ ከጋሪባልዲ ወደብ ተነሣች። የቲላሙክን ወሽመጥ አፍ ስትሻገር ሞገድ በጎኗ መትቶ ገለበጣት፤ ካፒቴኑን ጨምሮ 11 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ጠዋት ሌሎች የኪራይ ጀልባዎች ቀድመዋት በሰላም ወጥተው ነበር። አደጋውን የመረመረው የፌዴራል የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምክንያቱን ካፒቴኑ ባሕሩ በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ለመሻገር በመወሰኑ ላይ አኖረው። ተሳፋሪዎቹ የነፍስ አድን ጃኬት እንዲለብሱ አለመደረጉም የሟቾቹን ቁጥር ከፍ እንዳደረገው ገለጸ።

እንዲህ ያለው ቦታ ለምን አደገኛ እንደሚሆን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፦ አሸዋውን፣ ወጪውን ውኃና ገቢውን ሞገድ። ወንዝና የጠረፍ ጅረት የሚያመጡት አሸዋ ወሽመጡ ከባሕሩ በሚገናኝበት ቦታ ይዘቅጥና ከውኃው ሥር ደፍ ይሠራል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል ወሽመጡ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው ውኃ ሁሉ በጠባቧ አፍ ተጋፍቶ ይወጣል። በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ላይ ይህ ፍሰት አንዳንዴ ከ5 ኖት ይበልጣል፤ ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች በእርጋታ ሲሄዱ ያላቸው ፍጥነት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ከውቅያኖስ የሚመጣው ሞገድ ከወጪው ውኃ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ይሸበሸባል፤ ርዝመቱ ያጥራል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ፊቱም ግድግዳ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ አሸዋው ይይዘዋል። የሞገዱ የታችኛው ክፍል ሲጎተት የላይኛው በነበረበት ፍጥነት ይቀጥልና እግሩ እንደተጠለፈ ሯጭ በግንባሩ ይደፋል። በጥቅሉ ሲታይ 3 ሜትር ቁመት ያለው ሞገድ ጥልቀቱ 4 ሜትር ገደማ በሆነ ውኃ ላይ ይሰበራል፤ ወጪው ውኃ ከበረታ ከዚያም ጠለቅ ባለ ቦታ ሊሰበር ይችላል።

ብዙ ሰው የትንበያውን የሞገድ ቁመት ብቻ አንብቦ ይወስናል። ከቁመቱ እኩል መታየት ያለበት በሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ ነው። በጥልቅ ውኃ ላይ በየ10 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ 156 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በየ15 ሰከንዱ የሚመጣው ግን ወደ 350 ሜትር ይደርሳል። ሞገድ የባሕሩን ወለል መንካት የሚጀምረው ጥልቀቱ የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ስለሆነ፣ ረጅሙ ሞገድ ወለሉን የሚነካው ገና ከሩቅ ነው፤ ደፉ ላይ ሲደርስም ከአጭሩ ይልቅ ይቆለላል። ውጭ ላይ ሳለ ግን ዝርግና ገር ስለሆነ ጀልባዋ ላይ ያለው ሰው መኖሩን እንኳ ላያስተውለው ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የኮሎምቢያ ወንዝ አፍ በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የንግድ መርከብ አዛዥ ሮበርት ግሬይ በ1792 ደፉን ተሻግሮ ከገባ ወዲህ 2,000 ያህል መርከቦችና ጀልባዎች እዚያ እንደጠፉ፣ 700 ያህል ሰዎችም እንደሞቱ ይገመታል። ፒኮክ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በ1841 አሸዋው ላይ ተሰብራ ስሟን ለቦታው ትታለች። መርከቦችን በዚህ አፍ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ፓይለቶች ከ1846 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። መንግሥትም ውኃው ራሱ ቦዩን እንዲጠርግ ብሎ በግራና በቀኝ ወደ ባሕሩ የሚዘልቁ የድንጋይ ግንቦች ሠራ፤ የደቡቡ ግንባታ በ1885 ተጀመረ፣ የሰሜኑ በ1917 ተጠናቀቀ።

ግንቡ አንዱን ችግር ሲያቃልል ሌላ ሊወልድ እንደሚችል ቲላሙክ ምስክር ናት። እዚያ በገንዘብ እጥረት ምክንያት በ1917 የተጠናቀቀው የሰሜኑ ግንብ ብቻ ነበር። የአሸዋው እንቅስቃሴ ተዛባና ባሕሩ በደቡብ በኩል ያለውን ቀጭን የአሸዋ ምላስ መብላት ጀመረ። በዚያ ምላስ ላይ ሆቴልና ሞቅ ያለ የመዋኛ ገንዳ ያላት ቤይኦሽን የተባለች የመዝናኛ ከተማ ተቆርቁራ ነበር። ገንዳው ፈረሰ፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ወረዱ፣ በ1952 ደግሞ ማዕበል ምላሱን ከሁለት ቆረጠው። የደቡቡ ግንብ የተሠራው ከተማዋ ከጠፋች በኋላ፣ በ1970ዎቹ ነው።

አሸዋ ስለሚንቀሳቀስ የባሕር ካርታ ሁልጊዜ ከኋላ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኦርፌየስ የተባለች መርከብ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1863 በኒውዚላንድ የማኑካውን መግቢያ ባረጀ ካርታ ልትገባ ስትል ቦታውን በቀየረው አሸዋ ላይ ወጣች፤ 189 ሰዎች አለቁ። በዚያው አገር፣ በካይፓራ መግቢያ፣ በ2016 ፍራንሲ የተባለች የኪራይ ጀልባ ተገልብጣ ከተሳፈሩት 11 ሰዎች 8ቱ ሞቱ። በሁለቱ መካከል 153 ዓመት አለ፤ ሞተሩም፣ ሬዲዮውም፣ ሳተላይቱም የመጡት በዚህ መሐል ነው። ስለዚህ ስክሪን ላይ የተሰመረውን የትናንት መስመር ተከትሎ መግባት በቂ አይደለም፤ ዛሬ ሞገዱ የት እንደሚሰበርና የት እንደማይሰበር በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ልምድ ያላቸው ጀልበኞች ቀኑን የሚያቅዱት ከመግቢያው ሰዓት ተነሥተው ነው። ለመሻገር የሚመረጠው ባሕሩ ሞልቶ ሊያበቃ ሲል፣ ውኃው ረጋ የሚልበት ጊዜ ነው፤ የሚሸሸው ደግሞ ውኃው በኃይል የሚወጣበት ሰዓት። ጠዋት ሲወጡ ገር የነበረው አፍ ቀትር ላይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ መውጫው ብቻ ሳይሆን መመለሻውም ይሰላል። በኦሪገንና በዋሽንግተን የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ፣ ማለትም ኮስት ጋርድ፣ ደፉ ሲረበሽ በወደቦቹ አካባቢ ቢጫ መብራት ብልጭ ያደርጋል፣ በሬዲዮ ያሳውቃል፣ ሲብስም ለመዝናኛ ጀልባዎች መግቢያውን ይዘጋል።

መውጣት ከመግባት ይቀላል የሚባለው በዋናነት ለውሳኔ ነው። የሚወጣ ሰው ሞገዱን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ካልወደደው ወደ ወደቡ ይመለሳል። የሚገባው ግን ሞገዱን ከጀርባው ስለሚያየው ሁሉም ነገር ለስላሳ ይመስለዋል፤ ነጩ አረፋ ያለው በወዲያኛው ፊት ነው። ነዳጁም እያለቀ፣ ሰዉም ደክሞ፣ ቤትም እየታየ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ካፒቴን ከደፉ ውጭ ጥልቅ ውኃ ላይ ይቆማል። የተለያዩ ሞገዶች ሲደራረቡ ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጡና ጋብ ይላሉ፤ እሱም ይህን ደጋግሞ ያያል። በሬዲዮ ቻናል 16 ኮስት ጋርድን ጠርቶ የደፉን ሁኔታ ይጠይቃል። ልቅ ዕቃ ይታሰራል፣ መስኮቶች ይዘጋሉ፣ ከጠባቧ የፊት ክፍል ሰው ይወጣል፣ የሞተር ማጥፊያው ገመድ ከካፒቴኑ ሰውነት ላይ ይታሰራል።

ትልልቆቹ አልፈው የመጨረሻው ሲመጣ ጀልባዋ ጀርባውን ይዛ ትከተላለች። እዚህ ላይ ሥራው ሁሉ የነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ፍጥነት ከተጨመረ ጀልባዋ የሞገዱን ጫፍ አልፋ በፊቱ ትወርዳለች፤ አፍንጫዋ ግርጌው ላይ ካለው ውኃ ሲሰካ ኋላዋ ይሽከረከርና በጎኗ ትጋደማለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለብጣትም ይህ ነው። ከቀነሰች ደግሞ ከኋላ ያለው ይደርስባትና በላይዋ ይሰበራል። ኋላዋን ለሞገዱ ቀጥ አድርጎ በሁለቱ መካከል ያለውን ገንዳ መሳይ ቦታ ይዞ መጓዝ ነው፤ በመሐል ሐሳብ ቀይሮ መዞር ጎንን ለሞገዱ መስጠት ነው። በእኔ እምነት ግን ከዚህ ሁሉ ብልሃት በላይ የሚያድነው ውጭ ላይ ሰዓታት መጠበቅ ወይም ወደ ሌላ ወደብ መሄድ ነው። መሪ የመያዝ ችሎታን ከልክ በላይ እናደንቃለን፤ ብዙው ነገር የሚወሰነው መሪው ከመያዙ በፊት ነው።

ነፍስ አዳኞቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። ኮስት ጋርድ የማዕበል ጀልባ ነጂዎቹን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት የሚገኘው በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ፣ በኬፕ ዲስአፖይንትመንት ነው። የሚጠቀሙባት ከ14 ሜትር በላይ የምትረዝም ጀልባ ብትገለበጥ በ30 ሰከንድ ውስጥ ራሷን ታቀናለች። በጃንዋሪ 12 ቀን 1961 ሌሊት መርሜድ የተባለችን፣ መሪዋ የተሰበረ የሸርጣን ማጥመጃ ጀልባ ሊረዱ ከወጡት መካከል ግን ትራያምፍ የተባለችው ነፍስ አድን ጀልባ ጠፋች፤ አምስት የኮስት ጋርድ ባልደረቦችና የመርሜድ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

የውኃው ቅዝቃዜ ሌላው ገዳይ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩን በሚገባ ለማዘዝ አሥር ደቂቃ፣ ራሱን ሳይስት ለመቆየት አንድ ሰዓት ያህል እንዳለው አሠልጣኞች ያስተምራሉ። ያለ ጃኬት የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ላያልፋት ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ ጃኬት መልበስም አይታሰብም። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በመዝናኛ ጀልባ የአሸዋ ደፍ የሚሻገር ሁሉ መልበስ ግዴታው ነው። በኦሪገንና በዋሽንግተንም ደፉ ሲረበሽ የኪራይ ጀልባ ተሳፋሪ እንዲለብስ ይጠየቃል።

በሲያትልና በፖርትላንድ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከሁለቱም ከተሞች ወደ እነዚህ ወደቦች በመኪና የሚደረሰው በሰዓታት ውስጥ ነው። በበጋ ሳልመን ለማጥመድ ጀልባ የምትከራዩ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት የዕለቱን የደፍ ሁኔታና የመመለሻውን ሰዓት ጠይቁ። ጃኬቱን ወደቡ ላይ ሳላችሁ ልበሱ፣ ልጆቻችሁንም አልብሱ። ካፒቴኑ «ዛሬ አንወጣም» ካላችሁም አትከራከሩት።