የጋራ የጤና መረጃ ሥርዓት፡ በቁሓ የሚኖር ተገልጋይ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በመቐለ ከተማ ቁሓ ክፍለ ከተማ የሚኖር ታካሚ ሕክምናውን አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሕመሙ ሲጠና ደግሞ ወደ ቁሓ ሆስፒታል ወይም ወደ ዓይደር ሪፈራል ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ተቋማቱ የየራሳቸውን ካርድ ብቻ ሲይዙ የሕክምና ታሪኩን ተሸክሞ የሚሄደው ታካሚው ራሱ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ከጠፋ ምርመራው ይደገማል፤ ቀደም ሲል የተሰጠውን መድኃኒት ለማወቅም ያስቸግራል። የጋራ የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ይህን ክፍተት ለመሙላት ያለመ ነው።

የሥርዓቱ ክፍሎች

የመረጃ አብዮት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከዋና ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ዲኤችአይኤስ2 ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የበለጸገው ይህ ነጻ ሶፍትዌር ለኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ተስማምቶ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ጤና ተቋማት በየወሩ የሚልኩት የድምር ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ ስንት ሕፃናት እንደተከተቡ ይገልጻል እንጂ የማንንም ስም አይይዝም። የክትባትና የመድኃኒት አቅርቦት ለማቀድና የወረርሽኝ ምልክትን በጊዜ ለመለየት ያገለግላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ሲሆን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በወረቀት ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ ማኅደር ወደ ታብሌት ያሸጋግራል። ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፤ ግንኙነት ሲገኝ ደግሞ መረጃውን ይልካል።

ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ነው። የእያንዳንዱን ታካሚ የምርመራ ውጤትና የታዘዘለትን መድኃኒት የሚይዘው ይህ ነው።

የጋራ መሆኑ ለምን አስፈለገ?

ለትርፍ ያልቆሙ የማኅበረሰብ ጤና ተቋማት በጀታቸው ውሱን ነው። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ሶፍትዌር ቢገዛ ወጪው ከመናሩም በላይ ሥርዓቶቹ እርስ በርስ መረጃ መለዋወጥ ያዳግታቸዋል፤ ባለሙያውም አንዱን መረጃ ደጋግሞ ለመጻፍ ይገደዳል። ሶፍትዌሩ የጋራ ሲሆን ሥልጠናውና ጥገናው በኅብረት ይከናወናል። ይሁን እንጂ ነጻ ሶፍትዌር ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ኮምፒውተር፣ አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጉታል።

ከጦርነቱ የተገኘ ትምህርት

በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በዘለቀው ጦርነት በርካታ ጤና ተቋማት ወድመዋል፣ ተዘርፈዋልም። የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ይህም ሁለት ነገሮችን አስገንዝቧል። በአንድ ክፍል ብቻ የተቀመጠ የወረቀት ካርድ ከተቋሙ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ኤሌክትሮኒክ መዝገብም ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ሊቆም ይችላል። ስለሆነም መረጃው በሌላ ስፍራ ቅጂ ሊኖረው፣ ሥርዓቱም ከኔትወርክ ውጭ መሥራት የሚችል ሊሆን፣ ግንኙነት ሲቋረጥም አገልግሎቱ በወረቀት መዝገብ ሊቀጥል ይገባል።

የመረጃ ምስጢራዊነት

የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከተሰጣቸው ስሱ መረጃዎች አንዱ ነው። ተገልጋዩ ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• በሁሉም ተቋማት ስምን፣ የአባትንና የአያትን ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስመዝገብ፤ አጻጻፉ ከተለያየ አንድ ሰው እንደ ሁለት ታካሚ ሊመዘገብ ይችላል።
• የካርድ ቁጥርን መያዝ፣ የስልክ ቁጥር ሲቀየር ማሳወቅ።
• የሪፈር ወረቀትንና የላቦራቶሪ ውጤትን ሥርዓቱ ተሟልቶ እስኪዘረጋ ድረስ በጥንቃቄ ማስቀመጥ።
• ተፈናቅለው የመጡና ካርዳቸው በቀድሞው ተቋም የቀረ፣ በተለይም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው መቅረብና ሕክምናውን የጀመሩበትን ጊዜ ለባለሙያው መንገር።

የቀድሞ መዝገብ አለመገኘቱ ሕክምናን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ታካሚው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ በመሄድ አዲስ መዝገብ እንዲከፈትለት መጠየቅ ይኖርበታል።