አዋቂ ዓይን፣ ታጋሽ እጅ፦ ከቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያ ጋር ትውውቅ

አንድ ዳይሬክተር የንጉሡን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ዘመን በፊልም ሊያሳይ ጎንደር መጣ እንበል። ካሜራውን ፋሲል ግቢ ሲተክል ግንቡ ግርማውን እንደለበሰ ይታየዋል። ከጀርባው ግን የመብራት ሽቦ ተዘርግቷል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል፤ ባጃጅ ሽቅብ ይወጣል። የንጉሡ ቤተ መንግሥትም ቢሆን ጣሪያውን አጥቶ ብዙ ዘመን የቆመ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጎድቶታል። ሽቦውን ነቅሎ፣ ባጃጁን አጥፍቶ፣ ለግንቡ ጣሪያ የሚያለብስለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ድንጋይ ሳይነካ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር የሚሠራው የቪዥዋል ኢፌክት ባለሙያ ነው።

ሙያው ከስፔሻል ኢፌክት ጋር ይምታታል። በቀረጻ ቦታ በቧንቧ የሚወርድ ዝናብ፣ የሚነሳ ጭስ፣ የሚፈነዳ ነገር ስፔሻል ኢፌክት ነው፤ ካሜራው ፊት በእውን ይደረጋል። ቪዥዋል ኢፌክት የሚባለው ከተቀረጸ በኋላ ምስሉ ላይ የሚጨመረው፣ የሚቀነሰውና የሚለወጠው ነው። ጥንተ ነገሩ ሩቅ ነው፤ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ እ.ኤ.አ. በ1902 ካሜራውን እያቆመና ምስል በምስል ላይ እየደረበ ሰዎችን ጨረቃ ላይ አውርዷል። ኮምፒውተር አቅሙን ለዓለም ያሳየው በ1993 በ“ጁራሲክ ፓርክ” ነው። ያም ሆኖ በዚያ ፊልም ዳይኖሰሮች ከሚታዩበት 15 ደቂቃ ገደማ በኮምፒውተር የተሠራው 6 ደቂቃ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው በማሽን የሚንቀሳቀስ ቅርጽ ነበር።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ፣ 10 ሰከንድ የምትፈጅ አንዲት ሾት 240 ምስል አላት። ተዋናዩ በሚጠፋው ሽቦ ፊት ካለፈ የትከሻውንና የፀጉሩን ጠርዝ ፍሬም በፍሬም እየተከተሉ መለየት ግድ ነው። ይህ ሮቶስኮፒንግ ይባላል፤ ብዙ ጀማሪዎች ወደ ሙያው የሚገቡትም በዚህ በር ነው። የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚከታተል፣ ሕንፃና እንስሳ በስሪዲ የሚቀርጽ፣ ብርሃን የሚያስተካክል፣ እሳትና ውኃ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያም አለ። የሁሉንም ሥራ ደርቦ አንድ ምስል የሚያደርገው ኮምፖዚተር ነው።

የሰሜን ተራሮችን ጭላዳ በኮምፒውተር መሥራት ቢያስፈልግ መጀመሪያ አጽሙ ይሠራል፤ ከዚያ ጡንቻው፣ ቆዳው፣ በመጨረሻም ጎፈሩ። ጭላዳ በመቀመጫው ተደላድሎ ሣር በጣቶቹ ይነጫል፤ ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ባለሙያው ይህን ካላስተዋለ የሠራው እንስሳ ዝንጀሮ እንጂ ጭላዳ አይሆንም። ከገደሉ ሥር የሚነሳው ነፋስ ጎፈሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የጠዋት ፀሐይ የዳር ዳሩን ፀጉር ስታበራ ውስጡ ጨለማ ይሆናል። የተቀመጠበት ሣር ካልተጋደመና ጥላው ካላረፈበት፣ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም ውሸት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የዚህ ሰው የመጀመሪያ መሣሪያ ዓይኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

“ሙያ በልብ” የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ በትክክል ይስማማል፤ ከሥራው እጅግ ብዙው ማንም ሳያውቀው እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት የሚታየውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ በኢትዮጵያውያን ተዋንያን የሠራው “ክራምብስ”፣ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ የቀረ ያረጀ የጠፈር መርከብ ያሳያል። መርከቡ ልብ የሚገባው ከሥሩ ያለው መሬትና ዳንኤል ታደሰን የመሰሉ ተዋንያን እውነተኛ ስለሆኑ ነው።

የሙያው መንገድ ቀላል አይደለም። በ“ላይፍ ኦፍ ፓይ” ነብሩን የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው ድርጅት፣ ፊልሙ በ2013 በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ሲሸለም እሱ ኪሳራ አውጆ ነበር። ብዙ ባለሙያዎች ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት በኮንትራት ይሠራሉ፤ የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ይሆናል። በሌላ በኩል ጃፓናዊው ታካሺ ያማዛኪ “ጎድዚላ ማይነስ ዋን” የተባለውን ፊልም 610 የኢፌክት ሾቶች በ35 ባለሙያዎች አሠርቶ በ2024 ኦስካሩን ወስዷል። ትንሽ ቡድን ትልቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ለጀማሪም ደጁ አልተዘጋም። ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ቀጣሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሾውሪል ነው፤ የራስን ምርጥ ሥራ የያዘ የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ። አምስት ሰከንድ ተጣርቶ የተሠራ ሾት፣ ከአምስት ደቂቃ የተቻኮለ ሥራ ይበልጣል።

ጎንደር ኃይሌ ገሪማን ያፈራች ከተማ ናት፤ “ጤዛ” የተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ታሪክም፣ ግንብም፣ ተራራም አላት። የጎደላት የሠለጠነ እጅ ነው። የደጋውን ጉምና የግንቡን ድንጋይ እያየ ያደገ ወጣት ይህን ሙያ ቢይዝ፣ የሩቅ ሰው ከፎቶ የሚማረውን እሱ በልጅነቱ ተምሮታል። ፕሮዲዩሰሮቻችንም ይህን ባለሙያ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስህተት እንዲሸፍን ከመጥራት ይልቅ፣ ስክሪፕቱ ሲጻፍ ጀምሮ አብሯቸው ያስቀምጡት፤ ገንዘቡም ጊዜውም የሚድነው ያኔ ነው።