ከጓሮ የተቀጠፈ ሁሉ ንጹሕ ነው?

እንጀራ ከጀሶ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ ማር ከስኳር ተቀላቅሎ ተሸጠ ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ከዚህ ወሬ ቀጥሎ የሚመጣው ምክርም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የራስህን አምርተህ ብላ!» የሚል። እኔም በዚህ ምክር አምን ነበር። እንዲያውም በክረምቱ እረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ዳንግላ ስሄድ ስለ ጓሮ አትክልት ጥቅም ለመጻፍ ወስኜ ነበር። ይሁን እንጂ የገዛ ግቢያችንን በጋዜጠኛ ዓይን ማየት ስጀምር ርእሱ ተቀየረብኝ።

ሥጋቱ ከወሬ ያለፈ ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ይታመማሉ፤ 420 ሺሕ ሰዎች ደግሞ ይሞታሉ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሰላጣና ቆስጣዎች እኮ ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ የበቀሉ ናቸው።

ወተትም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች መካከል፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ መጠን የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ወሰን ያላለፈባቸው 9 ብቻ ነበሩ። መርዙ ወደ ወተቱ የሚገባው በመኖ በኩል ሲሆን፣ በዋናነት የተጠቀሰው የኑግ ፋጉሎ ነው። ስለዚህ ላሚቱ በራሳችን በረት ብትታሰርም የሻገተ ፋጉሎ ከበላች ወተቷ ከገበያው አይሻልም ማለት ነው።

የእናቴ ጓሮ

ዳንግላን ለማታውቋት፣ በአዊ ዞን ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ በመሆኑ ጥቂት ሜትር ቆፍሮ ውሃ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በወረዳው በዳንግሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናቡን መጠንና የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ እየለኩ የመዘገቡበት የምርምር ሥራም ተካሂዷል። ለጓሮ አትክልት ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

እናቴም ይህን ጸጋ ተጠቅማበታለች። ከቤታችን ጀርባ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጌሾና ጤና አዳም አላት። ጎረቤት ሲወልድ ጎመን ይዛ ትሄዳለች፤ እንግዳ ሲመጣ «ከጓሮዬ ነው፣ ሳትሰጉ ብሉ» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ታሞ በነበረበት ጊዜ ሁላችንም ያማነው ገበያውን ነበር።

አንድ ቀን ከጉድጓዳችን እስከ ሽንት ቤታችን ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁት። 14 እርምጃ ሆነ። ከአጥር ባሻገር ያለው የጎረቤት ሽንት ቤት ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ርቀት ቢያንስ 30 ሜትር ነው። በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ የሚወጣው ቆሻሻ በአፈር ውስጥ ተጣርቶ ለመጽዳት የሚያገኘው ዕድል ያንሳል። የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ሰላጣው ግን የሚጠጣው የጉድጓዱን ነበር። በባልዲ እየቀዳን ከላይ እናርከፈክፍበታለን፤ ከዚያ በሎሚና በቃሪያ ጥሬውን እንበላዋለን።

ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እንዲህ ከሆነስ ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ በይኛ!» አለችኝ። የሚመልስ ቃል አጣሁ። ወንድሜ የታመመው ከጉድጓዱ ውሃ የተነሣ ነው ብዬ መደምደም አልችልም፤ ገበያውን ስናማ የነበረውም ያለ ማስረጃ ነበር። ልዩነቱ የገበያውን ማየት አለመቻላችን፣ የጓሯችንን ግን ማየት እየቻልን አለማየታችን ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

በመሆኑም የራሱን አትክልት የሚያለማ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ቢጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ውሃው ከየት ነው? ጥርጣሬ ያለበት ውሃ ተቀቅሎ ለሚበላ እንደ ጎመንና ድንች ላለ ተክል፣ ያውም በሥሩ ቢፈስ ይሻላል። ጥሬ ለሚበላው የቧንቧ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ ዝናብ ይመረጣል። ደግሞም ጀርምና ብረት አንድ አይደሉም። ጀርምን እሳት ይገድለዋል፤ እንደ እርሳስ ያለው ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ ጋራዥ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ የነካው መሬት ላይ የሚበላ ነገር አለመትከል ነው፤ በቃ።

ሁለተኛ፣ ፍጉ በስብሷል ወይ? ትኩስ ፍግ ከነጀርሙ ነው። በአሜሪካ የተፈጥሮ ግብርና ደንብ፣ ያልበሰበሰ ፍግ ከተደረገበት አፈር ጋር የሚነካካ ምርት ለመሰብሰብ ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት። እኛ ዘንድ ከበረት ተዝቆ በዚያው ቀን ሰላጣ ሥር ይደፋል። ከቅጠልና ከአመድ ጋር ከምሮ፣ እያገላበጡ ብስባሽ ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ምን ተረጨበት? ጎመናችን ክሽክሽ ሲይዘው አባቴ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስሙ ያልተጻፈበት «መድኃኒት» ከገበያ ገዝቶ ነበር። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 እያንዳንዱ ፀረ ተባይ የተመዘገበና ገላጭ ጽሑፍ ያለው እንዲሆን አዝዟል። ጽሑፉ ከሌለ ለየትኛው ተክል እንደሚሆን፣ መጠኑንና ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ ማወቅ አይቻልም። ለአንድ መደብ ጎመን ግን ክሽክሹን በእጅ መልቀምና በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል።

ታዲያ እንተወው?

በፍጹም! በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዶሮ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር ብዙ ይነገራል፤ ጥሩ ነው። የእኔ አሳብ ስለ ብዛቱ የምንጠይቀውን ያህል ስለ ንጽሕናውም እንጠይቅ ነው። ግቢ የሌለን በኪራይ ቤት የምንኖር ተማሪዎችም ብንሆን በአሮጌ ጆንያ አፈርና ብስባሽ ሞልተን፣ ጎኑን በስተን ቆስጣ መትከል እንችላለን። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ለጆንያውም ይሠራሉ።

እኛ ቤት ያደረግነው ይህን ነው። ሰላጣው በጣሪያው ሥር ወደ ቆመው በርሜል አጠገብ ተዛወረ። የጉድጓዱ ውሃ ለጎመንና ለጌሾ ብቻ ሆነ። ስም የለሹ ፕላስቲክ ከልጆች እጅ ርቆ ተቀምጧል፤ የት እንደሚወገድ የግብርና ባለሙያ እንዲነግረው አባቴ ሊጠይቅ ነው። የጎረቤታችንን ሽንት ቤት ማንሣት አልቻልንም፤ ቢሆንም እናቴ ለቡና ጠርታ ስለ ጉድጓዱ አወራቻቸው። እነሱም ሰላጣ ነበራቸው ለካ።

ወደ ትምህርት ልመለስ ስል እናቴ በላስቲክ ጎመን ቋጠረችልኝና «ቀቅለሽ ብዪ፣ እሺ?» አለችኝ። ድሮ «ሳትሰጉ ብሉ» ነበር የምትለው።