ክህነት ሳይቀበሉ የሚሰብኩ፦ የሜቶዲስት የአጥቢያ ሰባኪዎችና ሥልጠናቸው

በብሪታኒያ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እሑድ ጠዋት አምልኮ የሚመራውና የሚሰብከው ሰው በሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት መምህር፣ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ገበሬ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነው። ይህ ሰው በእጅ መጫን ለክህነት አልተሾመም፣ ለአገልግሎቱም ደመወዝ አይቀበልም፤ ይሁን እንጂ ጥሪው በቤተ ክርስቲያኒቱ ተመርምሮ፣ ሠልጥኖና ተፈትኖ በይፋ ፈቃድ ያገኘ አገልጋይ ነው። መጠሪያው የአጥቢያ ሰባኪ ነው። ሜቶዲስቶች በየመንደሩ ያቋቋሟቸው የጸሎት ቤቶች ብዙ፣ መጋቢዎቻቸው ግን ጥቂት ስለነበሩ አብዛኛውን የእሑድ አምልኮ ሲመሩ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የዚህችን ቤተ ክርስቲያን አሠራር መረዳት የሚሻ ሰው ከመጋቢዎቹ ይልቅ ከአጥቢያ ሰባኪው ቢነሣ ይበልጥ ያተርፋል።

የሜቶዲስት እንቅስቃሴ የተወለደው በእንግሊዝ አገር፣ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሪው ጆን ዌስሊ (1703–1791) ራሱ የአንግሊካን ካህንና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ምሁር ሲሆን፣ የሥርዓት ሰው በመሆኑ ከቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውጭ መስበክ መጀመሪያ ላይ ነውር መስሎ ይታየው ነበር። ነገር ግን በ1739 በጓደኛው በጆርጅ ዋይትፊልድ ግፊት በብሪስቶል ከተማ ዙሪያ ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና ለድኾች በሜዳ ላይ መስበክ ከጀመረ በኋላ የሚከተለው ሕዝብ በፍጥነት በዛ፤ ይህን ሕዝብ ሊያስተምሩለት የፈቀዱ የተሾሙ ካህናት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ችግሩ የተፈታው ዌስሊ ባላሰበው መንገድ ነው። በለንደን ፋውንድሪ በተባለው ማእከሉ ጸሎት እንዲመራና ምእመናኑን እንዲያጽናና የተወው ቶማስ ማክስፊልድ የተባለ ወጣት፣ በ1740ዎቹ መባቻ ከተፈቀደለት አልፎ መስበክ ጀመረ። ዌስሊ ወሬው ሲደርሰው ሊያስቆመው ተቻኩሎ ወደ ለንደን ተመለሰ፤ እናቱ ሱዛና ዌስሊ ግን ልጇ ከመፍረዱ በፊት ወጣቱን ራሱ እንዲያዳምጥና የስብከቱን ፍሬ እንዲመረምር መከረችው። ዌስሊ አዳመጠ፣ ፈቀደም። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ያለው መመዘኛ ዛሬም የሥልጠናው መሠረት ሆኖ መቀጠሉ ሊተኮርበት የሚገባ ነው፤ አንድ ሰው ለስብከት ተጠርቻለሁ ሲል ቤተ ክርስቲያኒቱ አስቀድማ የምትመለከተው የትምህርት ማስረጃውን ሳይሆን በሰሚዎቹ ሕይወት ላይ የሚያፈራውን ፍሬ ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ከአገልግሎቱ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ከማክስፊልድ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1742፣ ሌላ የሥልጠና ስፍራ በብሪስቶል ተፈጠረ። ምእመናኑ ለሠሩት አዳራሽ የተበደሩት ገንዘብ አልከፈል ብሎ ሳለ፣ ካፒቴን ፎይ የተባለ ሰው እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ፣ የማይችለውን ድርሻ ደግሞ እርሱ ራሱ እንዲከፍልለት ዐሥራ አንድ ድኾች እንዲመደቡለት ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ባለ መንገድ ምእመናኑ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ባሉባቸው ቡድኖች ተከፋፈሉ፤ ፔኒውን ለመሰብሰብ በየቤቱ የሚሄዱት ኃላፊዎችም ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሰከረ፣ ማን ከትዳር ጓደኛው እንደተጣላ በዓይናቸው ማየት ጀመሩ። እንደ እድር መዋጮ የተጀመረው ነገር ብዙም ሳይቆይ ወደ ሳምንታዊ የጸሎትና የምክር ስብሰባ ተለወጠ፤ የቡድኑ መሪም የሌሎችን ነፍስ የመጠበቅ አደራ ተሰጠው። ከእነዚህ መሪዎች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት በሰው ፊት ተናግረው የማያውቁ የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ መጸለይን፣ ሰውን ማዳመጥንና የእምነትን ነገር በራስ ቋንቋ ማስረዳትን የተማሩት በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚህ ልምምድ ውጭ የሜቶዲስት ሰባኪ ታሪክ ሊታሰብ አይችልም።

ዌስሊ የልብ ግለትን ብቻ አምኖ ሰው ወደ መድረክ የሚልክ መሪ አልነበረም። በ1744 በለንደን በጠራው የመጀመሪያ ጉባኤ ለረዳቶቹ የምግባር ደንብ አወጣ፤ በኋላም ሰባኪዎቹ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንዲያነቡ አዘዘ፣ ማንበብ አይሆንልኝም ያለውንም ፍላጎቱን እንዲያሳድግ ወይም ወደ ቀድሞ ሙያው እንዲመለስ ያለ ርኅራኄ ነገረው። መጽሐፍ መግዛት ለማይችሉት ሲል ከቀደምት አባቶችና ከእንግሊዝ የነገረ መለኮት ጸሐፊዎች ሥራዎች መርጦና አሳጥሮ ከ1749 እስከ 1755 ባለው ጊዜ «የክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት» የተባለውን ባለ 50 ቅጽ ስብስብ አሳተመ። ተዘዋዋሪ ሰባኪዎች በፈረሳቸው ኮርቻ ከረጢት ርካሽ መጻሕፍት ይዘው ይዞሩ ነበር፤ በዚህም የገጠሩ ሰው ስብከቱንና መጽሐፉን ከአንድ እጅ ይቀበል ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ የአደረጃጀት ዘዴ ካልተያዘ ይበተን ነበር። ዘዴው ሰርኪት ይባላል፤ ሰርኪት ማለት በአንድ አካባቢ ያሉ በርካታ አጥቢያዎች ተባብረው የሚመሠርቱት ምድብ ሲሆን፣ መጋቢዎቹም ሰባኪዎቹም የምድቡ እንጂ የአንዲት አጥቢያ ንብረት አይደሉም። በላይ የሚቆመው ዋና መጋቢ በየሦስት ወሩ የስብከት መርሐ ግብር ያወጣል፤ በሠንጠረዡ አንድ ጎን የአጥቢያዎቹ ስም፣ በሌላው ጎን የእሑዶቹ ቀን ተጽፎ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የሚሰብከው ሰው ስም ይሰፍራል። ከዚህ የተነሣ አንድ የአጥቢያ ሰባኪ በአንድ እሑድ በከተማው መካከል ባለ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚቀጥለው ደግሞ ጥቂት አረጋውያን በሚሰበሰቡበት የገጠር ጸሎት ቤት ሊመደብ ይችላል። አሠራሩ ጉድለትም አለው፤ ሰባኪው ለሚያገለግላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እንግዳ ይሆናል። ሆኖም አንዲት ትንሽ አጥቢያ መጋቢ መቅጠር ስላልቻለች ብቻ እንዳትዘጋ ያደረገው ይኸው የመተጋገዝ ሥርዓት ነው።

ዛሬ በብሪታኒያ የአጥቢያ ሰባኪ ለመሆን የሚያስብ ሰው የሚጀምረው ከሰርኪቱ ዋና መጋቢ ጋር በመነጋገር ነው። መጋቢው ጥሪው ሊፈተን ይገባዋል ብሎ ሲያምን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሠልጣኙም ልምድ ካለው ሰባኪ ጋር ተጣምሮ በየአጥቢያው እየሄደ ጸሎት ይመራል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ቀስ በቀስም ስብከት ያዘጋጃል። የሚያጅበው ሰው ሥራው ማስተማር ብቻ አይደለም፤ ከአምልኮው በኋላ የቱ ቦታ ለምእመኑ እንደደረሰና የቱ እንዳልደረሰ፣ ስብከቱ ከንባቡ የት ላይ እንደራቀ በግልጽ ይነግረዋል። ይህ ጊዜ በደህና ካለፈ ሠልጣኙ ወደ ሙከራ ደረጃ ይሸጋገርና አምልኮውን በሙሉ መምራት ይጀምራል፤ በተመደቡ ሰዎች ፊትም ለምዘና ይሰብካል፣ መዛኞቹም የጽሑፍ ሪፖርት ለሰባኪዎች ስብሰባ ያቀርባሉ። የሰባኪዎች ስብሰባ የሚባለው በሰርኪቱ ያሉ የአጥቢያ ሰባኪዎችና መጋቢዎች በየጊዜው የሚያደርጉት ጉባኤ ሲሆን፣ የአዲሱን ሰው እድገት ብቻ ሳይሆን የነባሮቹንም ምግባርና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ያላቸውን ታማኝነት ይመረምራል። ሰባኪን የሚመረምሩት ሰባኪዎች መሆናቸው የሥርዓቱ ትልቅ ብርታት ነው፤ የስብከትን ሸክም ራሱ የተሸከመ ሰው የሌላውን ድካም ከስንፍና ለይቶ ያውቃልና።

የትምህርቱ ይዘት ባለፈው መቶ ዘመን በብሉይ ኪዳን፣ በአዲስ ኪዳን፣ በክርስትና ትምህርትና በአምልኮ አመራር ላይ በሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ይለካ ነበር። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በሥራ ላይ ያለው ኮርስ በኢንተርኔት በሚቀርቡ ክፍሎች የተደራጀ ነው፤ ሠልጣኙ ከአስተማሪና ከአማካሪ ጋር እየሠራ፣ ያዘጋጃቸውን አምልኮዎች፣ የመራባቸውን ጊዜያት ግምገማና የጽሑፍ ሥራዎቹን በአንድ ዶሴ አጠራቅሞ ያቀርባል። ለውጡ የሚደገፍ ነው፤ በፈተና አዳራሽ ጥሩ መልስ የሚጽፍ ሰው ሐዘንተኛ ቤተሰብ ፊት የሚናገረው ሊጠፋው ይችላል፣ ዶሴው ግን ሠልጣኙ በእውነተኛ ምእመናን መካከል ያደረገውን ያሳያል። በመጨረሻ የታመነበት ሠልጣኝ በይፋ አምልኮ ላይ ሙሉ መብት ያገኛል። ለመጋቢነት የሚታጭ ሰውም በዚሁ በአጥቢያ ሰባኪነት በር ማለፉ የቆየ ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህ ሥልጠና የምእመናን ብቻ ሳይሆን የካህናቱም መነሻ ነው።

በሩ ለሁሉም እኩል ተከፍቶ የኖረ አይደለም። ሣራ ክሮዝቢ በ1761 በደርቢ ከተማ ቡድን ልትመራ ሄዳ ከሁለት መቶ የማያንሱ ሰዎች ስለጠበቋት ለመናገር ተገደደች፤ ዌስሊም እርሷንና ሜሪ ቦዛንኬትን የመሳሰሉ ሴቶችን ልዩ ጥሪ አላቸው ብሎ ደገፋቸው። እርሱ ከሞተ በኋላ ግን የ1803ቱ ጉባኤ የሴቶችን ስብከት አጥብቆ ገደበ፤ የዌስሊ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያ ሰባኪነትን ለሴቶች በእኩልነት የከፈተችው በ1918፣ ሴቶች ለመጋቢነት የተሾሙትም በ1974 ነው። በጸጋ የታወቁ ሰባኪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዝም እንዲሉ መደረጋቸው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ከባድ ኪሳራ እንደነበረ መናገር ይገባል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተለዩት ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት የተባሉት ወገኖች በዚያው ጊዜ ሴቶችን እያሰማሩ በድኾች መካከል መስፋፋታቸውም ይህን ይመሰክራል።

ሥልጠናው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ያልታሰበ ፍሬ አፍርቷል። ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝንና ለሕዝብ መናገርን በጸሎት ቤት የተማሩ የእርሻና የማዕድን ሠራተኞች ያንኑ ችሎታ ለመብታቸው ተጠቀሙበት። በዶርሴት በቶልፐድል መንደር የገበሬ ሠራተኞችን ማኅበር በማቋቋሙ ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር በ1834 ወደ አውስትራሊያ ለሰባት ዓመት እንዲጋዝ የተፈረደበት ጆርጅ ላቭለስ የሜቶዲስት የአጥቢያ ሰባኪ ነበር። በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ብሔራዊ ማኅበር የመሠረተው ጆሴፍ አርችም፣ በኋላ የሌበር ፓርቲ መሪ ሆኖ በ1934 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው አርተር ሄንደርሰንም እንዲሁ ሰባኪዎች ነበሩ።

በአሜሪካ ሥርዓቱ ሌላ መልክ ያዘ። በ1784 በባልቲሞር በተደረገው ጉባኤ ራሷን የቻለች የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት፣ ፍራንሲስ አስበሪና ፈረሰኛ ሰባኪዎቹ እጅግ ሰፊ ግዛት ይሸፍኑ ስለነበር ሥልጠናው በጉዞ ላይ በሚነበቡ መጻሕፍት ላይ ተመሠረተ። የዚያ ልማድ ወራሽ የሆነው የትምህርት መርሐ ግብር ዛሬም በዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳያልፉ አጥቢያ ለሚመሩ ፈቃድ ያላቸው መጋቢዎች በ20 ኮርሶች ይሰጣል፤ ለምእመናን አገልጋዮች ደግሞ ከመሠረታዊው ኮርስ በኋላ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ የምስክር ወረቀታቸው እንዲታደስ ግዴታ ነው።

በአፍሪካ ታሪኩ ከኢትዮጵያ ስም ጋር በሁለት መንገድ ይገናኛል። ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የቆየው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ፣ ወንጌልን ለኦሮሞ ሕዝብ የማድረስ ሐሳቡን ስላልተወ፣ በ1862 እንግሊዛውያን የሜቶዲስት ሚስዮናውያንን መርቶ በሞምባሳ አቅራቢያ ወደምትገኘው ሪቤ አመጣቸው፤ የኬንያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን መነሻም ይህ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳዝንና የሚያኮራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሠልጥነው የተሾሙ ጥቁር መጋቢዎች ከነጮቹ ተለይተው እንዲሰበሰቡና በነጭ ሰብሳቢ እንዲመሩ በመደረጋቸው የተቆጣው ማንጌና ሞኮኔ በ1892 ከዌስሊያን ሜቶዲስት ወጥቶ በፕሪቶሪያ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» የሚል ስም ያላት ማኅበር መሠረተ፤ ስሙንም የወሰደው ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ከሚናገረው መዝሙር ነው። ሰውን አሠልጥኖ ሥልጣን መንፈግ ምን እንደሚያስከትል ሞኮኔ በተግባር አሳይቷል።

አሁን በብሪታኒያ የምእመናኑ ቁጥር እየቀነሰ፣ ሰባኪዎቹም በዕድሜ እየገፉ በመሄዳቸው ብዙ ሰርኪቶች ተዋሕደዋል፤ ስለዚህ በራሳቸው አጥቢያ ብቻ አምልኮ የሚመሩ ሰዎችን ለብቻ ማሠልጠን እየተለመደ መጥቷል። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሥራ ዓመት የሚከፈተው ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ስለሆነ፣ አዲስ ሠልጣኞችን መቀበልም ሆነ የአዲሱ ሩብ ዓመት መርሐ ግብር በብዙ ቦታ ከዚሁ ወቅት ጋር ይያያዛል። በደርቢሻየር የሚገኘውና ከ1904 ጀምሮ ምእመናንን ለወንጌል አገልግሎት ሲያሠለጥን የኖረው ክሊፍ ኮሌጅም አጫጭርና ረጃጅም ኮርሶች ይሰጣል። ሙሉ መብት ያገኘ ሰባኪም ቢሆን ትምህርቱን እንዲቀጥል ይጠበቅበታል፤ ሕፃናትንና ለጉዳት የተጋለጡ አዋቂዎችን ከጥቃት ስለ መጠበቅ የሚሰጠውን ሥልጠናም በየጊዜው ማደስ አለበት።