የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ የደፈነው ወዳጄ

ባለፈው የገና ሰሞን አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቡናው እስኪቆላ «ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ወደ ቤዝመንት ይዞኝ ወረደ። ከውሃ ማሞቂያው ጎን ወደ ታች የሚወርደው ቧንቧ ለወራት ሲያንጠባጥብ ከርሞ ኖሮ፣ ክዳን ገዝቶ ጫፉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። «ለባለሙያ ያን ሁሉ ብር ከምከፍል በሦስት ዶላር ተገላገልኩት!» አለኝ ኮራ ብሎ።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ቫልቭ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ውሃ፣ እንፋሎትና ጋዝ የሚያሳልፉ ቫልቮችን እፈትሻለሁ፣ እጠግናለሁ። ያችን ክዳን ሳይ ቡናው ከሐሳቤ ጠፋ። መጀመሪያ ማሞቂያውን አስጠፋሁት፤ ምክንያቱን የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለምና።

ያ ቧንቧ የሚነሣው ከማስተንፈሻ ቫልቭ ነው። በአሜሪካ ቤቶች ባሉት በርሜል በሚመስሉት ማሞቂያዎች ላይ ይህች ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ግፊቱ 150 ፒ ኤስ አይ ወይም ሙቀቱ 210 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ በራሷ እንድትከፈት ተደርጋ የተሠራች ናት። ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ማሞቂያው አልጠፋም ቢል የመጨረሻዋ መውጫ እሷ ናት። መውጫው ከተደፈነ ውሃው ከመፍያ ነጥቡ አልፎ ይግላል፤ እንፋሎት እንዳይሆን የያዘው ግፊቱ ብቻ ነው። በርሜሉ የተሰነጠቀ ጊዜ ግን ግፊቱ ይለቀቅና ከውሃው የተወሰነው ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ 1,600 እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ጣሪያ ቀድዶ የወጣ ማሞቂያ አለ።

ልጆች፣ የፋብሪካ ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሻወር ስትወስዱ አስቡት። ውሃው ሲያቃጥላችሁ ቆዳችሁ ለአንጎላችሁ ይናገራል፣ አንጎላችሁ እጃችሁን ያዛል፣ እጃችሁ ቧንቧውን ያዞራል። ፋብሪካ ውስጥ ቆዳው መለኪያ መሣሪያ ነው፤ አንጎሉ ኮምፒውተር ነው፤ እጁ ደግሞ አየር የሚገፋው የላስቲክ ሽፋንና መልሶ የሚገፋው ትልቅ ሞላ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ትእዛዝ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ናት። በአብዛኛው 4 ሚሊአምፒር «ዝጋ» ማለት ነው፣ 20 «ሙሉ በሙሉ ክፈት»፣ 12 ደግሞ «ግማሽ»።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ «ዝጋ» ስላለ ቫልቩ ተዘጋ ማለት ነው? አይደለም። እኛን የሚቀጥሩን ለዚሁ ነው።

ለጥገና ስንሄድ ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለውን መስመር እንዘጋለን፤ የታመቀውን ግፊት እናስወጣለን፤ ማንም ሳያውቅ እንዳይከፍተው እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቁልፍ ቆልፈን ስማችን ያለበትን ወረቀት እናንጠለጥላለን። ሞላው ቀልድ አያውቅም። ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ቀስ ብሎ ሳያላላው ብሎኑን የፈታ ሰው ክዳኑ ፊቱ ላይ ሊወረወርበት ይችላል። ውስጡን አይተን፣ የተበላውን ቀይረን ከገጠምነው በኋላ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 እያልን ትእዛዝ እንልክና ዘንጉ አጠገብ ያለውን ምልክት በዓይናችን እናያለን፤ 0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 በመቶ መሄድ አለበት። ሲከፈትም፣ ሲዘጋም። የምናየው ስክሪኑን ሳይሆን ብረቱን ነው።

አንድ ደጋግሞ የሚገጥመን ነገር አለ። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ አንዱ የማታ ተረኛ ቁልፍ ይዞ ይመጣና ዳዶውን አለቅጥ ያጠብቀዋል። ማንጠባጠቡ ይቆማል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዘንጉ ግን ታንቋል። ትእዛዝ ሲመጣለት ዝም ይላል፤ ግፊቱ ሲጨመርበት ድንገት ተስፈንጥሮ ከሚፈለገው በላይ ይከፈታል። የወዳጄ ክዳንና የዚህ ሰው ዳዶ ወንድማማቾች ናቸው።

ትእዛዝና ተግባር ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ በሙያችን ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሁለተኛው ክፍል ውኃ የሚያቀርቡት ፓምፖች ቆሙ። ግፊቱ ሲጨምር ማስተንፈሻው ቫልቭ እንደሚገባው ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ በሰከንዶች ውስጥ መዘጋት ነበረበት፤ ተከፍቶ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ግን መብራቷ ጠፋች። ሠራተኞቹም «ተዘጋ» አሉ። መብራቷ የምትናገረው ግን ለቫልቩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ መቋረጡን ብቻ ነበር፤ ቫልቩ ራሱ ምን ላይ እንዳለ አታውቅም። የማስጠንቀቂያ ቫልቭም ሆነ ሌላ፣ እንዲህ ያለች መብራት ከሌላት ትሻላለች ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከቫልቩ በኋላ ያለው ቧንቧ መጋሉን የሚያሳይ መለኪያ ነበራቸው። አይተውታልም። ነገር ግን እዚያ አካባቢ ከቀደም ጀምሮ የሚያፈስ ቫልቭ ስለነበረ ቧንቧው ሁልጊዜም ይግላል ብለው ተውት። የለመዱት ማንጠባጠብ ትልቁን ፍሳሽ ደበቀው። የመጠባበቂያ ውሃ የሚያሳልፉ ሁለት ቫልቮችም ተዘግተው ቀርተው ነበር፤ ያ የታወቀው ከስምንት ደቂቃ በኋላ ነው። የአንዱን መብራት አንድ የጥገና ወረቀት ሸፍኖት ነበር። እኛ የምናንጠለጥለው ዓይነት ወረቀት መሆኑ ሁሌም ይከነክነኛል።

ማስተንፈሻው ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ተከፍቶ ቆየ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ሌላ ቫልቭ ያስዘጋው በኋላ የደረሰ፣ ነገሩን በአዲስ ዓይን ያየ ሰው ነው። በዚያ አደጋ ከማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀልጧል። የሚያሳዝነው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በሴፕቴምበር 1977፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በሚባል ተመሳሳይ ማመንጫ ይኸው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እዚያ 20 ደቂቃ ገደማ ላይ ደረሱበት። ወሬው ግን ፔንሲልቬኒያ በጊዜ አልደረሰም።

ወደ ወዳጄ ቤት ልመልሳችሁ። በማግስቱ የቧንቧ ባለሙያ መጣ። ክዳኑን አነሣ፣ ግፊቱን ለካ። ቫልቯ ጥፋት አልነበረባትም። ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ትርፉን የምትቀበል አየር ያላት ትንሽ ጋን ከመስመሩ ጋር ተገጥማለች፤ የእሷ አየር አልቆ ግፊቱ የሚሄድበት ስላጣ ነው ቫልቯ ስታንጠባጥብ የከረመችው። ጋኗንም ቫልቯንም ቀየረለት፣ ሂሳቡ ከሦስት ዶላር በለጠ።

እናንተም ዛሬ ወርዳችሁ እዩ። ከማስተንፈሻው የሚወርደው ቧንቧ ጫፉ ክፍት መሆን አለበት፤ ወደ ወለሉ የሚያመለክት እንጂ ወደ ሰው ፊት አይደለም። ብዙ አምራቾች ቫልቯ በዓመት አንዴ በእጀታዋ ተከፍታ እንድትፈተሽ ይመክራሉ። ለዓመታት ካልተነካች ግን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ተመልሳ አልዘጋም ልትል ትችላለች፣ የሚወጣውም ውሃ ያቃጥላል። ልጆችን አርቁ፣ ባለሙያ ይሥራው። አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ፣ የእናንተ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቫልቭ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ሲሞቅ ጥቂት ማንጠባጠቡም በብዙዎቹ ላይ የተለመደ ነው፣ መመሪያውን እዩ። ማሞቂያው ከጠፋ በኋላም የማያቆም ከሆነ ግን አስፈትሹት። ተከራይ ከሆናችሁ ፎቶ አንሡና ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ጫፉ ላይ ክዳን ካገኛችሁ አትነካኩት፤ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ከዚያ ለባለሙያ ደውሉ።