አስም ያለበት ሕመምተኛ ለምን ‹ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው› ተባለ? በሕክምና ውስጥ ሊነበብ ስለሚችል ሰው ሠራሽ አስተውሎት



ስለዚህ ርእስ ስናገር ከአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ከዶክተር ሪች ካሩዋና ሥራ መነሣትን እመርጣለሁ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ፣ የሳንባ ምች ሕሙማንን የሞት ሥጋት ለመተንበይ በተካሄደ ጥናት ተሳትፈዋል። የታሰበው ሥጋቱ ከፍ ያለው ሆስፒታል እንዲተኛ፣ ዝቅ ያለው በተመላላሽ እንዲታከም ነበር።

ከተሞከሩት ዘዴዎች ብልጫ ያሳየው ኒውራል ኔትወርክ ነው። ከሞቱትና ከተረፉት ሕሙማን አንዳንድ ሰው በዕጣ ቢቀርብለት፣ ከ100 ጊዜ በ86ቱ ያህል ለሟቹ የበለጠ ሥጋት ይሰጣል፤ የተለመደው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ግን በ77ቱ ያህል ብቻ። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ምርጫው ያለቀለት ነው።

በጥናቱ ውስጥ ግን ሰው ሊያነባቸው የሚችሉ ደንቦችን የሚያወጣ ሌላ ዘዴም ተሞክሮ ነበር። ከደንቦቹ አንዱ፣ የሳንባ ምች የያዘው ሰው አስም ካለበት የመሞት ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው ይላል! ሐኪም የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሆኖም ደንቡ በትክክል ከመረጃው የተገኘ ነበር። አስም ያለባቸው ሰዎች የሳንባ ምች ሲይዛቸው በቀጥታ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገቡ ስለነበር፣ ባገኙት ብርቱ እንክብካቤ ከሌሎቹ ይልቅ ይተርፉ ነበር። ሞዴሉ የበሽታውንና የሕክምናውን ውጤት ለይቶ አላየም። በትንበያው ተመርቶ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ወደ ቤቱ መስደድ፣ ያተረፈውን እንክብካቤ መንፈግ ይሆን ነበር።

ካሩዋና ኔትወርኩ በሕሙማን ላይ እንዲውል አልፈቀዱም። አስሙን ብቻ አርሞ መቀጠል አይቻልም ነበርን? ይህ ስሕተት የታወቀው ደንቡ ስላጋለጠው ነው፤ እርሳቸውን ያሳሰባቸው ማንም ያላያቸው ሌሎች ስሕተቶች ናቸው። (‹ጥቁር ሣጥን› የሚለውን አባባል እኔ ብዙም አልወደውም። የኔትወርኩ ቁጥሮች ሁሉ ከፊታችን ናቸው፤ ያቃተን ትርጉማቸውን ማንበብ ነው።)

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ሳሉ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚያው መረጃ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ሞዴል ለዕድሜ፣ ለደም ግፊት፣ ለአስም፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት የራሱን ግራፍ ያወጣል፤ የሁለት ምክንያቶችን መስተጋብርም ይጨምራል፤ ጠቅላላው ሥጋት የእነዚህ ድምር ነው። በትክክለኛነቱም ከማይነበቡት ዘዴዎች ጋር ተቀራራቢ ነበር። አስሙ እንደገና ብቅ አለ፤ የልብ ሕመም ታሪክና የደረት ሕመምም እንዲሁ ሥጋትን የሚቀንሱ መስለው ታዩ።

ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው። የአስሙን ዓምድ ከመረጃው መሰረዝ መፍትሔ አይደለም፤ ከአስም ጋር የሚዛመዱ ሌሎች ምክንያቶች ያንኑ ስሕተት ተሸክመው ይደብቁታል። ዓምዱ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ሞዴሉ ከተማረ በኋላ ባለሙያው ግራፉን አይቶ ያርማል።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። የጽኑ ሕሙማን አልጋ በበቂ ባለበት አገር የተማረ ሞዴል አልጋው በማይገኝበት ሆስፒታል ቢተከል፣ ‹ዝቅተኛ ሥጋት› የሚለው ቁጥር ይመጣል፤ አልጋው አብሮት አይመጣም። ስለዚህ የጥናት ሐሳብ ይዛችሁ ስትመጡ፣ ከሞዴሉ ትክክለኛነት አስቀድሜ የምጠይቃችሁ በመረጃው ውስጥ ያሉት ሕሙማን ምን ሕክምና እንዳገኙና ያም በካርዳቸው ላይ ተጽፎ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።