ምሰሶው ከጠፋ ጣራውን ማን ይሸከመዋል?

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ያወጡት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ጠረጴዛ ከበው በቃል የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ ነው። አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ቦታውንና ጠላቱን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጸጋ ተጫዋቹ ያሰበውን ሁሉ መሞከር መቻሉ ነው። ስለዚህ አንዱ አስማተኛ ዘንዶውን መግጠሙን ትቶ «የተኛበትን አዳራሽ ምሰሶ አጠፋለሁ» ቢል፣ መሪው መልስ ሊኖረው ይገባል።

ደንቡ እስከ ግድግዳው ድረስ ያግዘዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አምስተኛ እትም ዕቃን ለመምታት የሚያስፈልገውን ቁጥር ይሰጣል፦ ለእንጨት 15፣ ለድንጋይ 17፣ ለብረት 19። ዎል ኦፍ ስቶን የተባለው ድግምት የሚያቆመው የድንጋይ ግድግዳ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት 30 የጉዳት ነጥብ ይችላል፤ ባለ 6 ኢንቹ እንግዲህ 180 ነጥብ ካልደረሰበት አይሰበርም። አንዱ ክፍል ሲሰበር ተያይዘው የቆሙት አብረው ይውደቁ አይውደቁ ግን ለመሪው ፍርድ ተትቷል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ግድግዳው ምን ያህል ዱላ እንደሚችል ይነግረናል፤ ምን እንደተሸከመ ግን አይነግረንም።

ከሁሉም የሚከብደው ዲስኢንተግሬት ነው። አስማተኛው 11ኛ ደረጃ ሲደርስ የሚያገኘው ይህ ድግምት፣ ከግዙፍ ነገር ላይ ቁመቱም ወርዱም ጥልቀቱም 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። እዚህ ላይ ነጥብ መቁጠር ዋጋ የለውም። መሪው ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ ከላይ ያለው ጭነት ከእንግዲህ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ነው።

ቀዳዳው የተከፈተው በወፍራምና ረጅም ግንብ መሀል ከሆነ፣ ከበላዩ ያሉት ድንጋዮች እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ቅስት ሊቆሙ ይችላሉ። ጥቂቱ ይረግፋል እንጂ ግንቡ አይወድቅም። ያው ቀዳዳ ማዕዘኑ አጠገብ ከተከፈተ ግን ቅስቱ በጎን የሚደገፍበት አያገኝም። ጣራው በጥቂት ምሰሶዎች ብቻ ከቆመ ደግሞ አንዷ መጥፋቷ ይበቃል። ሶምሶንም በጋዛ ግድግዳውን አልነካም፤ ቤቱ የቆመባቸውን ሁለት ምሰሶዎች ነው የያዘው።

ይህ በእውነተኛው ዓለም የታየ ነው። ግንቦት 1968 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ለንደን ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው የማዕዘኑን ተሸካሚ ግድግዳ ገፍቶ ጣለው፤ ከበላዩ ያሉት ወለሎች ወረዱ፤ በክብደታቸውም ከታች ያሉትን ይዘው ሄዱ። አራት ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ተገጣጣሚ ግድግዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩበት ስለነበር፣ አንዱ ሲጎድል ጭነቱን የሚረከብ ሌላ አልነበረም።

ወደ ዘንዶው አዳራሽ እንመለስ። ምሰሶዋ ጠፋች እንበል። አንዳንድ መሪ ትረካው እንዳይበላሽበት «ጣራው ጸንቷል» ይላል፤ ይህ የተጫዋቹን ብልኃት መቀማት ነው። ሌላው ወዲያው ሁሉንም ይቀብራል፤ ይህም አያስኬድም። እኔ የምመርጠው ለጣራው አንድ ተራ መስጠትን ነው። መጀመሪያ አቧራ ይርገፍ፣ ቅስቱ ይሰንጠቅ፣ ጠጠር ይውረድ፤ መሪው ይህን ጮክ ብሎ ይናገር። ተጫዋቾቹ በዚያች ተራ ይሩጡ፣ ወይም የቆሰለ ጓደኛቸውን ይጎትቱ። ዘንዶውም እንደነሱ ተራ አለው።

ለውድቀቱ አዲስ ደንብ መፍጠር አያስፈልግም፤ ኧርዝኩዌክ ከተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ድግምት መዋስ ይበቃል። ሕንፃ ሲወድቅ ከቁመቱ እኩሌታ በማይበልጥ ርቀት ላይ ያለ ሁሉ የቅልጥፍና ዳይስ ይጥላል። ያልተሳካለት አምስት ባለ 6 ፊት ዳይስ ያህል ጉዳት ደርሶበት ፍርስራሽ ሥር ይቀበራል፤ ለመውጣትም በጉልበት ፈተና 20 ማምጣት አለበት። የተሳካለት የጉዳቱ ግማሽ ብቻ ይደርስበታል፣ አይቀበርምም።

ፓስዎል በተባለው ድግምት ግድግዳ ውስጥ መተላለፊያ ሲከፈት ግን፣ ዙሪያውን ያለው ሕንፃ እንደማይናጋ ደንቡ በግልጽ ጽፏል። እዚያ ላይ መሪው ጣራ እጥላለሁ ማለት የለበትም።

ጨዋታ የምትመሩ ሁሉ፣ የአዳራሹን ካርታ ስትሥሉ ጣራውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች ቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው። አስማተኛው እጁን ካነሳ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ፣ ቅን ቢሆን እንኳ፣ ለተጫዋቹ አድልዎ ይመስለዋል።